ከፍቺ በኋላ ግሪን ካርድን ለማቆየት በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ማን ጋ መሄድ ይሻላል?

በጋብቻ ያገኙትን ግሪን ካርድ እንደያዙ ትዳራቸው የፈረሰ ወገኖቻችን «ማን ጋ ልሂድ? ለማንስ ልክፈል?» ብለው ሲጠይቁ ዘወትር ስለምሰማ፣ በአካባቢያችን ያሉትን አማራጮች እያነጻጸርኩ የማምንባቸውን እጠቁማለሁ። እኔ አስተርጓሚ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም፤ ስለዚህ የምናገረው ገንዘብና ጊዜ የት ላይ ቢውል እንደሚሻል ነው።

ከሁሉ በፊት ካርድዎን አውጥተው የሚያበቃበትን ቀን ይመልከቱ። የ10 ዓመት ካርድ ከሆነና ጋብቻው የእውነት ጋብቻ ከነበረ፣ ፍቺው ነዋሪነትዎን አይወስድብዎትም፤ ጊዜው ሲደርስ እንደማንኛውም ቋሚ ነዋሪ በአይ-90 ቅጽ ያሳድሱታል። የሚያጡት ነገር በአሜሪካዊ የትዳር ጓደኛ በኩል በ3 ዓመት ዜግነት የመጠየቅ ዕድል ነው፤ 5 ዓመቱን ይጠብቃሉ። «ካርድህን ላድንልህ» ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ ሰው በዚህ ጉዳይ አንድ ዶላር እንኳ አይክፈሉ።

የ2 ዓመት ካርድ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። አብረው ያሉ ባልና ሚስት ካርዱ ከማብቃቱ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ አይ-751 የተባለውን ቅጽ በጋራ ፈርመው ያስገባሉ፤ የተፋታ ሰው ደግሞ ቅጹን ብቻውን አስገብቶ የጋራ ፊርማው ግዴታ እንዲነሳለት፣ ማለትም በተለምዶ ዌቨር የምንለውን፣ ይጠይቃል። ይህን ለመጠየቅ 90 ቀኑ እስኪደርስ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ነገር ግን ጋብቻው በቅንነት የተመሠረተ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃና ፍቺው ማለቁን የሚገልጽ የፍርድ ቤት ውሳኔ ይፈለጋል።

የፍቺ ጠበቃ ምርጫ ከኢሚግሬሽን ጠበቃ ምርጫ የማያንሰውም በዚህ ውሳኔ ምክንያት ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ያለ ጥፋት ክስ ለመፋታት 1 ዓመት ተለያይቶ መኖር ያስፈልጋል፤ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ከሌለና የጽሑፍ ስምምነት ካለ 6 ወር ይበቃል። ሜሪላንድ ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ የ6 ወር መለያየትን፣ የጋራ ስምምነትን ወይም ሊታረቅ የማይችል ልዩነትን ይቀበላል። ዲሲ ደግሞ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ የመለያየት ጊዜ መጠየቁን ትቷል። ስለዚህ ካርዱ በ4 ወር ውስጥ የሚያበቃበት የአሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ) ነዋሪ እና በዚያው ሁኔታ ያለ የዲሲ ነዋሪ አንድ ዓይነት ምክር ሊሰጣቸው አይችልም። ፍቺው ገና ሳያልቅ ቅጹ ከገባ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻውን ውሳኔ አምጡ ብሎ ደብዳቤ ይልካል፤ ይህ ደብዳቤ መቼ ሊመጣ እንደሚችል አስቀድሞ ማስላት የጠበቃው ሥራ ነው። በተጨማሪም በፍቺው ክስ ላይ «ለወረቀት ብላ ነው ያገባችኝ» የሚል ቃል ሰፍሮ መልስ ሳይሰጥበት ቢቀር በኋላ ፋይሉን የሚመረምረው መኮንን ሊያነሳው ስለሚችል፣ የፍቺ ወረቀት ላይ ከመፈረምዎ በፊት ከኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋር አንድ ሰዓት መቀመጥን ከሁሉም አስቀድማለሁ።

የግል ጠበቃ ሲመርጡ በሰዓት ሳይሆን በቁርጥ ዋጋ የሚሠራውን ይምረጡ። በፍቺ ምክንያት የቀረቡ ዌቨሮችን ሠርቶ እንደሚያውቅ፣ ለቃለ መጠይቅ ከተጠሩ አብሮዎት እንደሚገባና ይህም በዋጋው ውስጥ መካተቱን ይጠይቁት። የመንግሥቱ ክፍያ 750 ዶላር ለብቻው ነው። አማርኛ የሚናገር ጠበቃ ማግኘት መልካም ቢሆንም በእኔ ግምት ልምዱ ይበልጣል፤ ቋንቋውን አስተርጓሚ ይሞላዋል፣ ልምድን ግን የሚሞላ የለም።

አቅም ለሌለው ሰው አዩዳ የተባለውን ድርጅትና በዋሽንግተን ሀገረ ስብከት ሥር ያለውን የካቶሊክ ቻሪቲስ የኢሚግሬሽን የሕግ አገልግሎት እጠቁማለሁ። በትዳሩ ውስጥ ድብደባ ወይም ከባድ ጭካኔ ከነበረ ደግሞ ዌቨሩ በዚያ ምክንያት ፍቺ ሳይጠበቅ ሊጠየቅ ስለሚችል፣ በተለይ እህቶቼ በነጻ የሚያገለግለውን ታሂሪ የፍትሕ ማዕከልን አስቀድመው እንዲጠይቁ እለምናለሁ። የእነዚህ ድርጅቶች ድክመት ወረፋው ነው፤ ካርዱ ሊያበቃ ሲል ሳይሆን ትዳሩ መናጋት ሲጀምር ይደውሉ። ጠበቃ ሳይሆኑ በፍትሕ ሚኒስቴሩ ፈቃድ የተሰጣቸው ተወካዮችም በእንዲህ ዓይነት ድርጅቶች ውስጥ ይሠራሉ፤ ስማቸው ሚኒስቴሩ በሚያወጣው ዝርዝር ላይ ስለሚገኝ ማጣራት ቀላል ነው።

በየሰፈራችን ታክስ እየሠሩና ትኬት እየቆረጡ ቅጽም የሚሞሉ ቢሮዎችን ለዚህ ጉዳይ አልመክርም። ዋጋቸው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን የሕግ ምክር መስጠት አይፈቀድላቸውም፣ አይ-751 ላይ ደግሞ ቅጹ በየትኛው ምክንያት እንደሚቀርብ የሚመረጥባት ትንሽ ሳጥን ራሷ የሕግ ውሳኔ ናት። ሌላ ሰው ቅጹን ከሞላልዎት በአዘጋጅነት ስሙን ጽፎ መፈረም አለበት፤ አልፈርምም ካለ ወረቀትዎን ይዘው ይውጡ።

ለትርጉም የተለየ ማኅተም አያስፈልግም፤ ተርጓሚው ትርጉሙ የተሟላና ትክክለኛ እንደሆነ፣ ሁለቱን ቋንቋዎች እንደሚችልም በፊርማው ካረጋገጠ ይበቃል። እዚህ ላይ ቀኑን ተከታትለው ያስተካክሉ፦ በቤተ ክርስቲያን የጋብቻ ወረቀት ላይ «ጥር 12 ቀን 2014 ዓ.ም.» የሚለው ጃንዋሪ 20 ቀን 2022 ተብሎ ካልተተረጎመ፣ ጋብቻው የ8 ዓመት ልዩነት ይፈጠርበትና ለመኮንኑ ጥያቄ ይሆናል።

የማስረጃ ነገር ሲነሳ ወገኖቻችን ወፍራሙን የሠርግና የመልስ አልበም ያመጣሉ። ፎቶ ይጠቅማል፤ ክብደቱ ያለው ግን አብሮ መኖርን በየወሩ በሚያሳየው ወረቀት ላይ ነው፦ የጋራ የቤት ኪራይ ውል፣ የባንክ መግለጫ፣ የመድን ወረቀት፣ ሁለቱም የተመዘገቡበት የእድር መዝገብ። የጋራ ታክሳችሁን ግልባጭ ከአይአርኤስ ድረ ገጽ ያለ ክፍያ ማግኘት ስለሚቻል ለዚህ ለማንም አይክፈሉ። ጋብቻውን በቅርብ የሚያውቁ ሰዎች የሚጽፉት ደብዳቤም ጠቃሚ ነው፤ «ጥሩ ሰዎች ናቸው» ከሚል ይልቅ መቼ ቤታቸው ሄደው ምን እንዳዩ ቢጽፉ ይሻላል።

ቅጹን ለመላክ የፖስታ ቤቱም ሆነ የፌዴክስ አገልግሎት ያደርሳል፤ ለእያንዳንዱ የተሰጠው አድራሻ ስለሚለያይ ከመመሪያው ላይ ይመልከቱ። ከኦክቶበር 28 ቀን 2025 ወዲህ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ቼክና መኒ ኦርደር ስለማይቀበል ክፍያው በካርድ ወይም በቀጥታ ከባንክ ሒሳብ ይከፈላል። ከቤት ከወጡ አዲሱን አድራሻ በ10 ቀን ውስጥ በኤአር-11 ቅጽ ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ያሳውቁ፤ የፖስታ ቤቱ ማዛወሪያ ብቻውን አይበቃም። አለበለዚያ ካርዱን የሚያራዝመው ደረሰኝና የአሻራ ቀጠሮው የቀድሞው የትዳር ጓደኛዎ ሳጥን ውስጥ ይገባሉ። በአዲሱ አድራሻ የፖስታ ቤቱን ነጻ «ኢንፎርምድ ዴሊቨሪ» ቢከፍቱ ደግሞ የሚመጣልዎትን ፖስታ በየጠዋቱ በስልክዎ ያያሉ።