ከተማሪዎች የተሰበሰቡ ፎቶዎችን ለኡቡንቱ ዎልፔፐር ስንመርጥ ምን እንይ?

ላብ_ተቆጣጣሪ (ጥያቄ)
ሰላም ለሁላችሁ። የኮሌጃችን ላብ ኮምፒውተሮች ላይ ኡቡንቱ 24.04 (እንደ ዊንዶውስ ያለ ነፃ ስርዓተ ክወና) ጭነናል። ተማሪዎች ያነሷቸውን ፎቶዎች ዎልፔፐር (የስክሪን ዳራ) አድርገን፣ ጥቅሉን በኋላ ለፈለገ ሁሉ በነፃ ልናድል ነው። 60 ገደማ ደርሶናል፤ 12 እንመርጣለን። ስልክ ላይ ያማሩት ስክሪን ላይ ሲወጡ ግን የጭላዳው ጭንቅላት ይቆረጣል፣ አንዳንዱ ይደበዝዛል፣ የዳሎሉ ላይ ደግሞ የፋይሎቹ ስም አይነበብም። በምን እንለያቸው?

ፍሬም_ጠባቂ
ጭንቅላቱን የሚቆርጠው ሲስተሙ ነው። ስክሪኑን ለመሙላት ፎቶውን ከመሐል ይዞ የተረፈውን ይጥላል። የስልክ ፎቶ ብዙውን ጊዜ 4000 በ3000 ፒክስል ነው፤ 16 በ9 (የስፋትና የቁመት ንጽጽር) ስክሪን ላይ ሲገባ ከ3000ው ቁመት 2250 ብቻ ይቀራል። ከላይ 375፣ ከታች 375 ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ዋናው ነገር ከላይኛውና ከታችኛው ስምንተኛ ውስጥ ከገባ ፎቶውን ተዉት፣ ወይም ጊምፕ (ነፃ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም) ላይ ራሳችሁ 16 በ9 አድርጋችሁ ቁረጡት። ከተቆረጠ በኋላ 3840 በ2160 ከሞላ ለትልልቅ ስክሪንም ይበቃል። ስልኩን አቁመው ያነሱት ግን ስፋቱ 3000 ብቻ ስለሆነ እዚያ አይደርስም። ትንሹን ፎቶ በግድ አታሳድጉት፤ ፒክስል ይጨምራል እንጂ ዝርዝር አይጨምርም።

ጸጥ_ያለ_ጥግ
ስለ ዳሎሉ፦ ኡቡንቱ አዲስ ፋይል ዴስክቶፕ ላይ የሚያስቀምጠው ከታች በቀኝ በኩል ነው፤ ስሙም በነጭ ይጻፋል። ቢጫና ነጭ ጨው ያ ጥግ ላይ ከተዘረጋ ነጩ ጽሑፍ ይጠፋል። ፎቶው ቆንጆ መሆኑና ለዎልፔፐር መሆኑ የተለያየ ነገር ነው፤ ሰው ቀኑን ሙሉ ሥራውን የሚሠራው በላዩ ላይ ነውና። እያንዳንዱን ጫኑትና አምስት ፋይል ዴስክቶፑ ላይ አስቀምጡ፣ ከዚያ ሁለት ሜትር ራቁ። ስሞቹን ለማየት ዓይን ማጥበብ ካስፈለገ አይሆንም። ጥርት ያለ ሰማይም ፈትኑ፤ ጄፔግ (የፎቶ ፋይል ዓይነት) በጣም ከታመቀ ሰማዩ ላይ መስመር መስመር ይወጣል። ስታስቀምጡት ጥራቱን (ኳሊቲ) ከ90 አታውርዱ።

ነፃ_ፈቃድ
ከውበቱ በፊት ፈቃዱን አጣሩ፤ ወደ ኋላ የሚመልሳችሁ እሱ ነው። አንሺው ራሱ በጽሑፍ ክሪኤቲቭ ኮመንስ ባይ 4.0 (ስሜን ጥቀሱ እንጂ በነፃ ተጠቀሙ የሚል ፈቃድ) ወይም ባይ ኤስኤ 4.0 (የለወጠውም በዚያው ፈቃድ እንዲያድል የሚል) ብሎ ይስጣችሁ። «ለንግድ አይዋል» የሚለውን አትቀበሉ፤ ነፃ ሶፍትዌርን ማንም ኮምፒውተር ላይ ጭኖ መሸጥ ይችላል፣ ያኔ ፎቶው እንቅፋት ይሆናል። «አይለወጥ» የሚለውም መቁረጡን ያከራክራችኋል። ፊቱ የሚለይ ሰው ካለ የሱም ፈቃድ ያስፈልጋል። የአንሺዎቹን ስም ከነፈቃዱ በአንድ የጽሑፍ ፋይል ከጥቅሉ ጋር አያይዙ።

ጥቅል_ሠሪ
ፎቶዎቹ ዩኤስአር ውስጥ፣ ሼር ውስጥ ባለው ባክግራውንድስ በሚባል ፎልደር ይገባሉ። ይህ ብቻውን ግን ሴቲንግስ ውስጥ አያሳያቸውም። እዚያው ሼር ውስጥ ባለው ጂኖም ባክግራውንድ ፕሮፐርቲስ ፎልደር ስማቸውን የያዘ የኤክስኤምኤል ፋይል (ሲስተሙ የሚያነበው የጽሑፍ ዝርዝር) መኖር አለበት። የፋይሎቹን የመክፈት ፈቃድ (ፐርሚሽን) ሁሉም ተጠቃሚ እንዲያነባቸው አድርጉ፤ አለዚያ ፎቶው ለተጠቃሚዎቹ ላይታይ ይችላል።

ላብ_ተቆጣጣሪ
በጣም አመሰግናለሁ። የደበዘዙት በቴሌግራም የመጡት ናቸው። እሱ ይሆን?

ፍሬም_ጠባቂ
አዎ፣ እንደ ፎቶ ሲላክ ያሳንሰዋል። «እንደ ፋይል» ብለው እንደገና ይላኩላችሁ። በፋይል ሲመጣ ግን የተነሳበት ቦታ አብሮ ሊመጣ ይችላል፤ የተማሪው ቤት ሊሆን ይችላልና ከጊምፕ ኤክስፖርት ስታደርጉ የኤግዚፍ (ፎቶው ውስጥ የተደበቀ የቦታና የሰዓት መረጃ) ምልክቱን አጥፉ።