የቤት ክዳን ለማስለወጥ፦ የእጅ ዋጋ ወይስ ሙሉ ኮንትራት?

የእናትሽን ቤት ክዳን ከክረምት በፊት ማን ይሥራልኝ ብለሽ ለጠየቅሽው፣ አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ላለ ሥራ የእኔ ምርጫ የእጅ ዋጋ ነው። ቆርቆሮውን ራስሽ ግዢ፤ ለአናጢው የጉልበቱን ብቻ ክፈይ። ቆርቆሮውንም ራሱ አቅርቦ ሙሉ ኮንትራት የሚወስድ ሰው በካሬ የቀነሰልሽን ብር ብዙ ጊዜ ከቆርቆሮው ውፍረት ላይ ይመልሰዋል። የጌጅ (የውፍረት መለኪያ) ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል፤ 28 ከ32 ይወፍራል፤ 35 ደግሞ ለአጥር ይሁን። «ጥሩ ቆርቆሮ» ብሎ ዋጋ የሚያቀርብልሽ ሰው ካለ ቁጥሩን አስጽፊው።

ኢጋ የሚባለው ረጅም የፋብሪካ ቆርቆሮ ዋጋው ይወደዳል። ነገር ግን በቃሊቲና በአቃቂ በኩል ያሉ ፋብሪካዎች በጣሪያው ርዝመት ልክ ስለሚቆርጡት መሀል ላይ መጋጠሚያ አይኖርም፤ ተዳፋቱ ዝቅ ላለ ጣሪያ ሳላመነታ እሱን እመርጣለሁ። ለትንሽ ቤት ከመርካቶ የሚገዛው ተራ ቆርቆሮ ይበቃል፤ ሲበላሽም የሰፈር አናጢ ሁሉ ይጠግነዋል። የሸክላ ክዳን ያምራል፤ አሮጌ የጭቃ ቤት ግን ክብደቱን አይችለውም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ እንጨቱ ነው። እርጥብ ባሕር ዛፍ ቆርቆሮ ከተመታበት በኋላ ሲደርቅ ይጣመማል፤ ሚስማሩ ይላላል፣ ከሥሩ ያለው ጎማ ይነሳል፣ ውሃውም በዚያው ይገባል። ቆርቆሮው አዲስ ስለሆነ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እንኳን አይታወቅም። ስለዚህ አናጢው ባለፈው ሳምንት የጨረሰውን ሳይሆን ሁለት ክረምት ያለፈበትን ጣሪያ ያሳይሽ። ባለቤቶቹን አስፈቅደሽ ኮርኒሱን ተመልከቺ፤ ቢጫ የውሃ እድፍ ካለበት አመስግነሽ ውጪ። ሚስማሩን ከሞገዱ አናት ላይ ሳይሆን ውሃ ከሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ የሚመታ ከሆነም ሌላ ሰው ፈልጊ።

አሸንዳውን ለላሜራ ሠራተኛ ስጪው።

ቀብዱ ከሩብ አይብለጥ፤ የመጨረሻው ክፍያ አንድ ኃይለኛ ዝናብ እስኪወርድ ይቆይ። ሥራውን ሚያዝያ ላይ ካስጀመርሽ የበልጉ ዝናብ ይፈትንልሻል፤ ሰኔ ሲገባ ግን ጥሩ አናጢ ማግኘትም ይከብዳል። አሮጌውን ቆርቆሮ ማን እንደሚወስደውም አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ቆራሌዎች ደህና ዋጋ ይሰጡበታል፣ አናጢውም ይህን አይስተውም።