ዲትሮይትን ማዳን ልክ ነበር? ያከሰራትስ የሠራተኛው ደመወዝ ነው?

ቡና ጠጪ፦
እሁድ ቡና ላይ ተጣላን። አንድ ወዳጃችን "እነዚህ የመኪና ፋብሪካ ሠራተኞች ውለታ ቢስ ናቸው" ብሎ ጀመረ። በ2009 በግብር ከፋዩ ገንዘብ ከመቃብር አፋፍ ተመለሱ፣ በ2023 ደግሞ ስድስት ሳምንት ሥራ አቁመው 25 በመቶ ጭማሪ አስፈርመው ገቡ፣ አለ። አንዷ እህታችን ብድግ አለችበት። በረካው ሳይቀዳ ሰው ተበተነ። እኔ መሐል ቀረሁ። ስለዚህ ጥያቄውን እዚህ አመጣሁት። የአሜሪካ መንግሥት የዲትሮይቶቹን መኪና ሠሪዎች፣ ጂ ኤምንና ክራይስለርን፣ ማዳን ነበረበት ወይ? ለዚያ ያበቃቸውስ የሠራተኛ ወጪ ነው? ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው። መሳደብ ክልክል፣ ማሾፍ ይቻላል።

ሒሳቡን አምጣ፦
ከእሁዱ ሰውዬ ጋር ነኝ። መዳን አልነበረባቸውም፣ በወጉ ይክሰሩ ነበር። ኖቬምበር 2008 የጂ ኤም፣ የፎርድና የክራይስለር አለቆች 25 ቢሊዮን ዶላር ሊለምኑ ዋሽንግተን የመጡት በምን ነበር? ሦስቱም በየግል ጄታቸው። በቅሎ ላይ ቁጭ ብሎ "ስለ እመብርሃን" እንደማለት ነው። ኮንግረስ መሳቂያ ሲያደርጋቸው በሚቀጥለው ወር በመኪና መጡ።

ጄቱ ይቅር። ጂ ኤም በ60ዎቹ ከአሜሪካ ገበያ ግማሽ ያህሉን ይዞ ነበር። በ2008 ሩብ እንኳ አልቀረለትም። ሰው ቶዮታና ሆንዳ ገዛ፣ አለቀ። በዚያ ላይ "ጆብስ ባንክ" የሚሉት ጉድ ነበራቸው። ሥራው የታጠፈበት ሠራተኛ ቁጭ ብሎ ከደመወዙ እስከ 95 በመቶ የሚከፈለው። የትኛው ሱቅ ነው እንዲህ ሆኖ የሚቆመው? በመጨረሻ መንግሥት ለመኪናው ኢንዱስትሪ 80 ቢሊዮን ገደማ አወጣ፣ 70 ገደማ ተመለሰለት። ሌላ ቦታ ያገኘው ትርፍ ጉድጓዱን በከፊል ደፈነለት እንጂ ጂ ኤም ላይ ብቻ የቀለጠው 11 ቢሊዮን ገደማ ነው።

የዲሲው ታክሲ፦
ልጆቼ፣ እኔ 9 ዓመት የነዳሁት ክራውን ቪክቶሪያ ነው። 300 ሺህ ማይል አልፋ ሞተሯ አልተከፈተም። ፎርድን አትንኩብኝ። ፎርድ ደግሞ ከዚያ ገንዘብ ሰባራ ሳንቲም አልወሰደም።

ሒሳቡን አምጣ፦
ጋሼ፣ እርስዎ እንዳሉት። እኔም የምለው እሱን ነው። ፎርድ በ2006፣ ባንክ ገና ማበደር በሚችልበት ጊዜ፣ ፋብሪካውን፣ ሰማያዊዋን አርማውን ሳይቀር አስይዞ ከ23 ቢሊዮን በላይ ተበደረ። ዝናቡ ሳይመጣ ጣራውን ጠገነ። ጂ ኤም ያን ጊዜ ምን ይሠራ ነበር?

እድርተኛዋ፦
እሁድ ብድግ ያልኩት እኔ ነኝ። አሁንም አልተቀመጥኩም።

ጋሼ፣ ፎርድ ከማዳኛው ገንዘብ አልወሰደም፣ እውነት ነው። ግን በ2009 ከኢነርጂ ሚኒስቴር 5.9 ቢሊዮን ብድር አግኝቷል፣ ነዳጅ ቆጣቢ መኪና እንዲሠራበት። ደግሞ የፎርድ አለቃ ኮንግረስ ፊት ቀርቦ "ተፎካካሪዎቼን እርዱልኝ" ሲል ነበር። ለጽድቅ ብሎ አይደለም። ፍሬኑን፣ ወንበሩን፣ ሽቦውን የሚያቀርቡላቸው ድርጅቶች አንድ ናቸው። ጂ ኤም በድንገት ቢዘጋ እነሱ ይዘጋሉ፣ የፎርድም መስመር ይቆማል።

አሁን ወደ ደመወዙ። ያኔ ቴሌቪዥን በተከፈተ ቁጥር "የዲትሮይት ሠራተኛ በሰዓት 70 ዶላር ይበላል" ነበር የሚባለው። የነባሩ ሠራተኛ ደመወዝ 28 ዶላር ገደማ ነው። ቀሪው ከየት መጣ? ኢንሹራንሱንና ጥቅማ ጥቅሙን ደመሩበት። ድሮ ጡረታ የወጡትን ሰዎች ሕክምናና ጡረታ ደመሩበት። ከዚያ ድምሩን ዛሬ መስመሩ ላይ ለቆሙት ሰዎች የሥራ ሰዓት አካፈሉት። 70 ወጣ!

እድር ያላችሁ ይገባችኋል። 200 አባል የነበረው እድር ወጣቱ ለቀቀና ሽማግሌው ቀረ እንበል። ቀብር በዛ። የሚያዋጡት 40 ሆኑ። የእያንዳንዳቸው መዋጮ ሰማይ ነካ። ታዲያ 40ዎቹ አባካኝ ናቸው ይባላል? ጂ ኤም ማለት ያ እድር ነው። በ70ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ600 ሺህ በላይ ሠራተኛ ነበረው። በ2008 በሰዓት የሚከፈለው 100 ሺህ እንኳ አይሞላም። ጡረተኛው ግን አለ፣ ይታከማል፣ ክኒኑን ይወስዳል። ቶዮታ ኬንታኪ የገባው በ80ዎቹ ስለሆነ ጡረተኛው በጣት የሚቆጠር ነበር። ጃፓን ውስጥ ደግሞ ሰው የሚታከመው በአገሪቱ የጤና መድን ነው።

ከአንድ መኪና ዋጋ የመገጣጠሚያ ሠራተኛው ድርሻ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። በነፃ ቢሠሩስ? ሰው ያልፈለገውን መኪና ማን ይገዛዋል?

ሒሳቡን አምጣ፦
እድሯን ወደድኳት። ግን የእድሩን ደንብ ማን ጻፈው? ኩባንያው ዛሬ ብዙ ላለመክፈል "ነገ ጡረታ፣ ነገ ሕክምና" አለ፣ የሠራተኛ ማኅበሩ ደስ ብሎት ፈረመ። ሁለቱም በነገ ሰው ገንዘብ ነው የተስማሙት። ነገ ሲመጣ ሒሳቡ የተላከው ለማን ነው? ኦሃዮ ሀምበርገር ቤት ለምትሠራ፣ ራሷ ጡረታ ለሌላት ሴት።

ደግሞ አከፋፈሉን ተመልከቺ። ክራይስለር ሲከስር ንብረት አስይዞላቸው ያበደሩት ሰዎች ከአንድ ዶላር 29 ሳንቲም ተሰጣቸው። የማኅበሩ የጡረተኞች ጤና ፈንድ ግን ከአዲሱ ኩባንያ 55 በመቶ አክሲዮን አገኘ። ዴልፋይን አስታውሺ፣ የጂ ኤም የመለዋወጫ ክፍል የነበረውን። የማኅበሩ አባላት ጡረታ በጂ ኤም ተሟላላቸው። በወር ደመወዝ የሠሩት 20 ሺህ ገደማ ሰዎች ግን ጡረታቸው ለመንግሥት መድን ድርጅት ተወረወረ፣ ብዙዎቹ ላይ ተቆረጠ። አንድ ጣራ ሥር የሠሩ ሰዎች ናቸው። ልዩነታቸው ጠበቃ ያለውና የሌለው መሆኑ ብቻ ነው።

እድርተኛዋ፦
ዴልፋይ ላይ አልከራከርህም። ግፍ ነው።

"በወጉ ይክሰሩ ነበር" የሚለው ግን በ2008 መጨረሻ አይሠራም። ኪሳራ ፍርድ ቤት ገብቶ እየሠሩ ለመቆየት አበዳሪ ያስፈልጋል። ባንኮቹ ራሳቸው መንግሥት ለፋይናንሱ ማዳኛ ከመደበው 700 ቢሊዮን እየተቀለቡ ነበር፣ ማን ያበድር? ደግሞ ብድሩን መጀመሪያ የሰጠው ኦባማ አይደለም፣ ቡሽ ነው። ዲሴምበር 19 ቀን፣ 17.4 ቢሊዮን። ለምን እሱ ጋ ደረሰ? ከሳምንት በፊት ሴኔት ውስጥ የማዳኛው ሕግ 52 ለ35 ሆኖ፣ የሚያስፈልገው 60 ድምፅ ስላልሞላ ወደቀ። በምን ተጣሉ? በደመወዝ። ሪፐብሊካኑ የማኅበሩ ደመወዝ በ2009 አሜሪካ ውስጥ ካሉት የውጭ መኪና ፋብሪካዎች ጋር እኩል ይሁን አሉ። ማኅበሩ ውሌ ሲያልቅ በ2011 አለ። የአንድ አገር ኢንዱስትሪ በሁለት ዓመት ልዩነት!

አላባማ ነዋሪ፦
እኔ ከመርሴዲስ ፋብሪካ ብዙም አልርቅም። እዚህ ማኅበር የለም። ሰው ቤት ገዝቷል፣ ልጅ ኮሌጅ ልኳል። በ2024 ማኅበር ይግባ ወይ ተብሎ ድምፅ ተሰጥቶ "አይግባ" ነው ያሉት። ዲትሮይት ያልቻለውን ደቡብ ችሎታል። መንግሥት ሳይደግፍ።

እድርተኛዋ፦
ሳይደግፍ? ወንድሜ፣ አላባማ በ1993 መርሴዲስን ለማምጣት ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ በታክስ ቅናሽ፣ በመሬት፣ በመንገድ፣ በሥልጠና አንጥፋለታለች። የናንተው ሴናተር ሼልቢ ዲትሮይትን "አይረዱ" ሲሉ ከነበሩት ግንባር ቀደሙ ነበር። ለገባው ሲሰጥ "ማበረታቻ"፣ ለወደቀው ሲሰጥ "ቤይልአውት"፣ የከሰረ ማዳኛ።

አላባማ ነዋሪ፦
ያ ሥራ ለማምጣት ነው፣ ይሄ የከሰረ ለማንሳት ነው። አንድ አይደለም።

የዲሲው ታክሲ፦
ከኪስ የወጣው ገንዘብ ግን አንድ ነው፣ ልጄ።

ሚቺጋን ክረምት፦
ሳነብ ቆየሁ። እኔ ከሦስቱ በአንዱ ነው የምሠራው፣ ስሙ ይቅር። የተቀጠርኩት በ2011 ነው።

ማኅበሩ ተቀበለ እንጂ ምንም አልሰጠም ለሚመስላችሁ። የ2007 ውል አዲስ ተቀጣሪ በግማሽ ደመወዝ ይግባ ይላል። ኪሳራው ሲመጣ ያ ጸና፣ ጆብስ ባንክም ቀረ። እኔ 14 ዶላር ከምናምን ላይ ገባሁ። ሥራዬ በር ጠርዝ ላይ ጎማ መግጠም ነበር። መኪና በደቂቃ አንድ ያልፋል። እኔ የግራውን በር፣ ትይዩዬ ያለው ሰውዬ የቀኙን። ያው ጎማ ነው፣ ያው መዶሻ። ጣቱ ላይ ያለው ፕላስተር እንኳ ያው ነው። እሱ 28 ዶላር፣ እኔ የሱ ግማሽ። የግራ በር 14፣ የቀኝ በር 28። ሰውዬው ጥሩ ሰው ነው፣ ምሳ ሲጋብዘኝ ግን ያፍር ነበር። አንድ ቀን "አንተ እኮ የእኔን ጡረታ እየከፈልክ ነው" አለኝ። ምን እንደምመልስ አላወቅኩም።

ስለዚህ "ማን ከፈለ?" ከተባለ፣ ግብር ከፋዩ ከፍሏል፣ አበዳሪው ከፍሏል፣ የዴልፋይ ሰዎች ከፍለዋል። ደግሞ ገና ያልተቀጠረው ሰው ከፍሏል። እሱ ድርድሩ ላይ አልነበረማ! ማኅበሩ ነባሩን ለማትረፍ ተከታዩን ነው ያስያዘው። ይህን የምለው የማኅበሩ መዋጮ ከፋይ ሆኜ ነው።

ሒሳቡን አምጣ፦
ይሄ እኮ የእኔ ነጥብ ነው።

ሚቺጋን ክረምት፦
ግማሹ የአንተ ነው። ቀሪውን ስማኝ። ያ ግማሽ ደመወዝ ኩባንያው እስኪያተርፍ ድረስ "ጊዜያዊ ነው" ተብሎ ነበር። ትርፉ መጣ፣ ጊዜያዊው አልሄደም። የጂ ኤም አለቃ በ2022 29 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲከፈላት አዲስ ተቀጣሪ ሙሉ ደመወዝ ጋ ለመድረስ 8 ዓመት ይፈጅበት ነበር። የ2023ቱ አድማ ለዚህ ነው። 8ቱ ዓመት ወደ 3 ወረደ፣ የኑሮ ውድነት ማካካሻውም ተመለሰ። የእሁዱ ወዳጃችሁ ውለታ ቢስ ያለው እኔን ከሆነ፣ 14 ዶላር የተከፈለኝን ዓመታት ከውለታው ላይ ይቀንስልኝ።

ቡና ጠጪ፦
ለሰውዬው አነብለታለሁ፣ ቃል በቃል። ግን እኔ በበኩሌ ማዳኑ ትክክል ነበር ወደሚለው አጋደልኩ፣ አከፋፈሉ ግን አልጣመኝም። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ትይዩህ የነበረው ሰውዬ አሁን አለ?

ሚቺጋን ክረምት፦
በ2018 ጡረታ ወጣ። ፍሎሪዳ ነው፣ ዓሣ ይዞ ፎቶ ይልክልኛል። አሁን የቀኙን በር የሚገጥመው የ22 ዓመት ልጅ ነው። በስንት እንደጀመርኩ ጠይቆኝ ስነግረው "በሰዓት?" አለኝ። ከዚያ "ጡረታህስ?" አለ። ከ2007 በኋላ ለተቀጠረ የድሮው ዓይነት ጡረታ የለም፣ አድማውም አልመለሰውም። እኔም እሱም ያለችን 401 ኬ፣ በየስማችን ያለች የጡረታ ቁጠባ፣ ናት። እዚያ ላይ እኩል ነን።