ይግባኝ፦ አንድ የዓይን ምስክር እና የዘጌው ተዝካር

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሕግ የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ። ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ አንድ የባጃጅ ሹፌር ተዘርፎ ተገድሎ ነበር። ታናሽ ወንድሜ በውንብድናና በግድያ ተከሶ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሰሞኑን ዕድሜ ልክ ፈረደበት። ማስረጃው አንዲት ሴት ብቻ ናት። ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ከአጥሯ በር ላይ ሆና ሁለት ሰዎች ሲሮጡ አየሁ፣ አንደኛው እሱ ነው ብላለች፣ ያውም ፖሊስ ጣቢያ ለብቻው ተቀምጦ አሳይተዋት። ወንድሜ በዚያ ቀን ለአጎታችን ተዝካር ጣና ሐይቅ ዳር ወዳለው ዘጌ ሄዶ እዚያው ነው ያደረው። ይህን ያሉት ምስክሮቻችን ግን ዘመድ ናቸው ተብለው አልታመኑም። ጠበቃ የመቅጠር አቅም የለንም። ምን እናድርግ?

የመዝገብ ቤት ሰው፦ አይዞሽ እኅቴ። መጀመሪያ ቀኑ እንዳያልፍባችሁ። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 187 መሠረት ይግባኝ ማለታችሁን ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ታስታውቃላችሁ፤ ማመልከቻውን ደግሞ የፍርዱ ግልባጭ በደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ ታስገባላችሁ። ግልባጩን ዛሬ ነገ ሳትዪ ጠይቂ። የሚቀርበው ለክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው፣ እዚያው ባሕር ዳር። ተከላካይ ጠበቃም ጠይቁ፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ አቅም ለሌለው ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ ይቆምለታል ይላል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤትም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

ጠበቃ ነኝ፦ ሴትዮዋን ውሸታም አትበሏት። ሰው በቅንነት እርግጠኛ ሆኖም ይሳሳታል፤ ዳኛም ቅን ምስክር ስትሰደብ ደስ አይለውም። የምትጠይቁት እንዴት እንዳየችው ነው። በምን ያህል ርቀት አየችው? መብራት ነበር? ለስንት ሰከንድ? ፊቱን ነው ወይስ ጀርባውን? ከዚያ በፊት ታውቀዋለች? ካየችበት ምሽት እስከ ጣቢያው ቀን ስንት ጊዜ አለፈ? የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1976 በተርንቡል ጉዳይ ዳኞች ይህንኑ እንዲመረምሩ አዟል። የእኛን ፍርድ ቤት አያስገድድም፣ ጥያቄዎቹ ግን እዚህም ይሠራሉ። ለብቻው ተቀምጦ መታየቱ ትልቅ ነጥብ ነው። መልኩ ከሚቀራረብ ሰዎች ጋር ተሰልፎ ሳትመርጠው፣ ካቴና የገባለትን አንድ ሰው አሳይተው "ይሄ ነው?" ቢሏት ምን ልትል ትችላለች?

ለፖሊስ የሰጠችውን የመጀመሪያ ቃልም ከችሎቱ ምስክርነቷ ጋር ቃል በቃል አስተያዩት። ያኔ "ረጅም፣ ጥቁር ጃኬት" ብላ ስለ ፊቱ ምንም ካላለች፣ ችሎት ላይ ፊቱ ከየት መጣ? የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 145 ያንን ቃል ምስክሯን ለመፈተን መጠቀም ይፈቅዳል።

ጡረተኛ መርማሪ፦ የጠበቃው ሐሳብ ጥሩ ነው፣ እኔ ግን የዘጌው ነገር ያሳስበኛል። ዘጌ በጀልባ ብቻ አይደለም የሚገባው፣ በመኪናም ይገባል። ዐቃቤ ሕግ "ጠዋት ተዝካር በላ፣ ማታ ተመለሰ" ሊል ይችላል። ስለዚህ ቀኑን ሳይሆን ሰዓቱን አስረዱ። ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ማን አየው? ራቱን የት በላ? ዘመድ ያልሆነ ማን ነበር? ካህን፣ ጎረቤት፣ ጠላ ስትቀዳ ያመሸች ሴት? ስልኩስ በዚያ ሰዓት በየትኛው የኔትወርክ ማማ ነበር?

ጠያቂ፦ ጌታዬ፣ ስልኩ እሱ ጋ ነበር፤ ማታ ለእናቴ ደውሎላታል። የነፍስ አባታችንም እዚያው አምሽተዋል፣ ዘመዳችን አይደሉም። ማንም እንድንጠራቸው አልነገረንም!

ጠበቃ ነኝ፦ ሁለቱም ወሳኝ ናቸው። የጥሪው ዝርዝር ማማውን ጨምሮ ከኢትዮ ቴሌኮም እንዲመጣ ፍርድ ቤቱ እንዲያዝላችሁ አመልክቱ። ስልኩ ዘጌ መሆኑ ብቻውን ሰውየው እዚያ ነበር አያሰኝም፤ እናትሽ ድምፁን ሰምታ ከሆነ ግን ክፍተቱ ይጠባል። ለቄሱ የዚያኑ ሕግ አንቀጽ 194ን ጥቀሱ፣ ይግባኝ ሰሚው አስፈላጊ ካለው ተጨማሪ ማስረጃ ይሰማል። በሥር ፍርድ ቤት ለምን እንዳልቀረቡ ግን በግልጽ ጻፉ፣ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው። አንድ ነገር ደግሞ ጨምሩ፦ ወንድምሽ ዘጌ መሆኑን ከጥርጣሬ በላይ የማስረዳት ሸክም የለበትም፤ ያደረገው እሱ መሆኑን የማስረዳት ሸክም የዐቃቤ ሕግ ነው።

የመዝገብ ቤት ሰው፦ ግልባጩ ሲደርስሽ ስሞቹን ደምስሰሽ የምስክሯን ቃል እዚህ ለጥፊው፣ አብረን እናየዋለን።