የኒኬልና የብረት ካታሊስት እየተላጠ ስላስቸገረኝ የቀረበ ጥያቄ

ውኃን በኤሌክትሪክ ከፍዬ ሃይድሮጅን ለማምረት፣ ኦክስጅን በሚወጣበት ኤሌክትሮድ ላይ በውዱ ኢሪዲየም ፈንታ የኒኬልና የብረት ሃይድሮክሳይድን እንደ ካታሊስት (የኬሚካል ለውጡን እንደሚያፋጥን ቁስ) እየተጠቀምሁ ነው። ካታሊስቱን ከናይትሬት ጨዎቻቸው ብጥብጥ በኤሌክትሪክ ኃይል የለበጥሁት በኒኬል ፎም (እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ በበዛበት ኒኬል) ላይ ሲሆን፣ ፈሳሹ 1 ሞላር ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። በካሬ ሴንቲሜትር 100 ሚሊአምፔር ሳሳልፍ በመጀመሪያ 1.8 ቮልት ይበቃ ነበር፤ ከ20 ሰዓት በኋላ ግን 2.1 ደረሰ፤ ከዕቃውም ሥር እንደ ሻይ ቅጠል ዝቃጭ ያለ ቡናማ ቅርፊት ተኝቶ አገኘሁ። ፎሙን በሃይድሮክሎሪክ አሲድ አጥቤ፣ የመለበጫውን ጊዜ ከ10 ወደ 3 ደቂቃ ባሳጥር መላጡ በግልጽ ቀነሰ፤ የቮልቴጁ መጨመር ግን አልቆመም፤ እኔን ያሳሰበኝም ይኸው ነው። የቮልቴጁ መጨመር ከልባጡ መላጥ ይሁን ብረቱ ወደ ፈሳሹ ከመሟሟቱ፣ በየትኛው ሙከራ ለይቼ ማወቅ እችላለሁ?