ትኬቱ ለጃፓን ስልክ ብቻ፦ ልክ ነው ወይስ አይደለም?

አድሚን፦ የዛሬው መከራከሪያ ይኸውና። አንድ የውጭ አድናቂ የጃፓን ባንድ ቶኪዮ ወይም ኦሳካ ላይ ሲጫወት ለማየት ትኬት ልግዛ ሲል፣ ከገንዘቡ በፊት የሚጠየቀው የጃፓን ስልክ ቁጥር ነው። በ070፣ በ080 ወይም በ090 የሚጀምር፣ የማረጋገጫ ኮድ የሚገባበት። ቁጥሩ የሌለው አካውንት እንኳን ሳይከፍት ይቀራል። አዘጋጆቹ እንዲህ ማድረጋቸው ልክ ነው ወይስ አይደለም? ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ ይጻፉ። «እኔ ቶኪዮ በሄድኩ ጊዜ» ብሎ የሚጀምር አስተያየት ይሰረዛል፤ የምንፈልገው ማስረጃ ነው።

የሺቡያ ልጅ፦ ልክ ነው። መነሻውን ሳያዩ መፍረድ ቀላል ነው። ኦገስት 2016 ላይ ከ100 በላይ አርቲስቶችና የሙዚቃ ማኅበራት በትልልቅ ጋዜጦች ማስታወቂያ አውጥተው የትኬት አየር በአየር ንግድን ተቃወሙ። ትኬቱ በብዛት የሚሸጠው በዕጣ ስለሆነ፣ ነጋዴው በብዙ አካውንት ዕጣውን ይሞላና የደረሰውን በእጥፍ፣ በሦስት እጥፍ ይሸጣል፤ ትርፉ ለባንዱም ለአዳራሹም ጠብ አይልለትም። ዲሴምበር 2018 ሕግ ጸደቀ፣ ጁን 14 ቀን 2019 ሥራ ላይ ዋለ። ቅጣቱ እስከ 1 ዓመት እስራት፣ ወይም እስከ 1,000,000 የን መቀጫ፣ ወይም ሁለቱም ነው። አሁን ወደ ስልኩ እንምጣ። ጃፓን ውስጥ የድምፅ ሲም ያለ መታወቂያ አይወጣም። 50 ኢሜይል በአንድ ከሰዓት ይከፈታል፤ 50 ሲም በስምህ ላውጣ ብትል ግን መጀመሪያ የሚጠረጥርህ ሻጩ ራሱ ነው። ለአዘጋጁ ከዚህ የረከሰ ማጣሪያ የለም።

ሐና ቤዝ፦ ሕጉን ከጠቀስክ አይቀር ሙሉውን ጥቀሰው እንጂ ወንድሜ። ትኬቱ በሕጉ ሥር እንዲገባ፣ ያለ አዘጋጁ ፈቃድ ለሌላ መሸጥ ክልክል መሆኑ በሽያጩ ጊዜ ተነግሮ ትኬቱ ላይ መጻፍ አለበት። ቀኑና ቦታው፣ እንዲሁም የሚገባው ሰው ወይም ወንበሩ መለየት አለበት። የሰውየው ስምና መገኛ መረጋገጥ አለበት። መገኛ ሲል ደግሞ ስልክ ቁጥር፣ ኢሜይል ወይም ሌላ አድራሻ ይላል። ኢሜይል ይበቃል ማለት ነው። የሚቀጣውም ከወጣበት ዋጋ በላይ እንደ ንግድ የሚሸጠውንና ለዚያ ብሎ የሚሰበስበውን ነው። በኤስኤምኤስ የሚላከውን ኮድ ያመጡት አዘጋጆቹና ትኬት ሻጮቹ ናቸው፣ በራሳቸው ምርጫ።

የሺቡያ ልጅ፦ ሕጉ አስገደዳቸው አላልኩም። ሕጉ ወረቀት ላይ እንዳይቀር አደረጉ ነው ያልኩት። ኢሜይል አረጋገጥኩ ማለት ምንም አላረጋገጥኩም ማለት ነው።

ሐና ቤዝ፦ ሰውየውን መለየት ከፈለጉ መንገዱ አለ። ሞሞይሮ ክሎቨር ዜድ በሚባለው የሴቶች ዘፋኝ ቡድን ኮንሰርት ላይ ከ2014 ጀምሮ የፊት መለያ በር ላይ ገብቷል፤ አባሉ ቀድሞ ፎቶውን ያስመዘግባል፣ በር ላይ ካሜራው ያመሳክራል። ስልክ ግን የሚለየው ሲሙን እንጂ ሰውየውን አይደለም። ለአየር በአየር ነጋዴ ሲም ወጪ ነው፣ በትርፉ ያካክሰዋል። አምስት ቀን ለሚቆይ እንግዳ ደግሞ አየር ማረፊያ የሚሸጠው የቱሪስት ሲም አብዛኛው ዳታ ብቻ ነው፣ ቁጥር የለውም። ቁጥር ያለው ቢያገኝ እንኳን ዕጣው ከተዘጋ ወራት አልፈዋል። በማጣሪያው የሚያዘው ማን እንደሆነ አስተውል።

ሎፒ፦ ከመፍረዳችሁ በፊት ስልኩ የት የት ላይ እንደሚጠየቅ እንለይ። ሁሉም በር እኩል አይዘጋም።

መጀመሪያ የአድናቂ ክለቡ ዕጣ ይከፈታል። የዓመት መዋጮው ብዙ ጊዜ ከ4,000 እስከ 6,000 የን ገደማ ነው፤ የጃፓን የቤት አድራሻ የሌለውን የማይመዘግብ ክለብ አለ፣ ለውጭ አባላት የተለየ ክፍል የከፈተም አለ። ቀጥሎ በሲዲ የሚገባበት ዕጣ ይመጣል። የመጀመሪያው እትም ውስጥ በምትገኝ ትንሽ ወረቀት ላይ የማመልከቻ ቁጥር ይታተማል፣ ቀነ ገደቡ አጭር ነው፤ ሲዲውን በርካሽ ፖስታ ያስላከ ሰው ወረቀቷ የምትደርሰው ዕጣው ካለፈ በኋላ ነው። ከዚያ የሻጮቹ ዕጣ አለ፦ ፒያ፣ ኢፕላስ፣ ሎውሰን ቲኬት። መጨረሻ የተረፈችው ለሁሉም ክፍት ሆና ለቀደመ ትሸጣለች፤ ስም ያለው ባንድ ከሆነ በደቂቃዎች ታልቃለች።

ስልኩ ሁለቴ ያጋጥማችኋል። አንዴ አካውንት ሲከፈት፣ አንዴ ትኬቱ ወደ አፕ ሲወርድ። አፑ ከአንድ ቀፎና ከአንድ ቁጥር ጋር ይታሰራል፣ ትኬቱ የሚታየው ኮንሰርቱ ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው፣ ስክሪንሾት በር ላይ አይሠራም።

ወረቀት ትኬት ሌላ ነው። ሎውሰን ሱቅ ገብታችሁ ሎፒ የሚባለው ማሽን ላይ (ስሜን የሰረቅኩት ከሱ ነው) የማስያዣውን ቁጥርና የተመዘገበውን ስልክ ትመታላችሁ። ማሽኑ ቀጭን ወረቀት ይተፋል። እሷን በ30 ደቂቃ ውስጥ ለካሸር ካልሰጣችሁ አትሠራም፣ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። ካሸሩ አይቶ ትኬቱን አትሞ ይሰጣችኋል። እዚህ ላይ ስልኩ እንደ ይለፍ ቃል ብቻ ነው የሚያገለግለው፣ ኮድ አይላክበትም። እንግዲህ ሐና በደል የምትይው ወረቀት በሚሸጥበት ኮንሰርት ላይ በግማሽ ይቀላል፣ በአፕ ብቻ በሚሸጥበት ላይ ደግሞ ይከብዳል። ትልልቆቹ ወደ አፕ እያደሉ መሆናቸው ነው ችግሩ።

ጋሽ ቪኒል፦ ልጆች፣ ስልኩ የቅርብ ነገር ነው፤ ጠባዩ ግን የቆየ ነው። የጃፓን የሙዚቃ ገበያ ከአሜሪካ ቀጥሎ በዓለም ሁለተኛ ነው፣ ቤቱ በራሱ ሰው ጠግቦ ያድራል። አዲስ ሲዲ የትም ሱቅ በአንድ ዋጋ እንዲሸጥ አሳታሚው እንዲወስን ሕጉ ይፈቅድለታል። ለሌላው እስያ ተብሎ በርካሽ የታተመ ሲዲ ተመልሶ እንዳይገባም ከጃንዋሪ 2005 ጀምሮ መከልከል ይቻላል። በኢንተርኔት ማድመጫዎች ላይ ከትልልቆቹ ባንዶች ሚስተር ቺልድረን የመጡት በ2018፣ ሳውዘርን ኦል ስታርስ በ2019 መጨረሻ፣ ቢዝ በ2021 ነው። ዘፋኙ ያማሺታ ታትሱሮ እስካሁን አሻፈረኝ እንዳሉ ናቸው። ለውጭ ሰው ክፋት አስበው አይደለም፤ ውጭ አድማጭ መኖሩ ትዝ አይላቸውም።

ከርዕስ ልውጣና፣ የኛ ሰው ጆሮ ኤንካን፣ ያንን የጃፓን የትካዜ ዘፈን፣ ቶሎ የሚለምደው በዋዛ አይደለም። ኤንካ የሚመላለስበት ባለ አምስት ድምፅ ሚዛን ከትዝታ ቅኝት ጋር ክፍተቱ አንድ ነው፣ ሜጀሩም ማይነሩም። ክራር ያለው ይሞክረው።

የሺቡያ ልጅ፦ ጋሽ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህ ያለፈው ዘመን ነው። በ2023 ዮአሶቢ የተባሉት ሁለቱ ሙዚቀኞች ከአሜሪካ ውጭ ባለው የቢልቦርድ ዓለም አቀፍ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጥተዋል። ዘፋኟ አዶ በ2025 ከ30 በላይ ከተሞች ዞራለች። ሜይ 2025 ላይ ኪዮቶ ውስጥ ሚውዚክ አዋርድስ ጃፓን የተባለው የሙዚቃ ሽልማት ሲጀመር ዓላማው ራሱ ወደ ውጭ ማየት ነበር። ባንዱ ወደ እናንተ እየመጣ ነው። አገር ውስጥ ያለው ወንበር ለአገሩ አድናቂ ቢቀር ምን ያስከፋል?

ሐና ቤዝ፦ ወደ ማን ነው የሚመጣው? ሎስ አንጀለስ፣ ለንደን፣ ባንኮክ። አዲስ አበባን በየትኛው ፖስተር ላይ አየህ? የሚዞሩትም ጥቂቶች ናቸው። ቶኪዮ ሺሞኪታዛዋ ሰፈር ውስጥ 250 ሰው በሚይዝ ላይቭ ሃውስ፣ ማለትም በትንሽ የሙዚቃ ቤት፣ የሚጫወት ባንድ ካለበት ሄደው ካላዩት በቀር አይታይም።

ደግሞ መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ኢፕላስና ሎውሰን ቲኬት ለውጭ ገዢ የተለየ ገጽ አላቸው፤ በውጭ ካርድ ይከፈላል፣ የጃፓን ስልክ አይጠየቅም። ቴክኒኩ ካለ የቀረው የአዘጋጁ ፈቃድ ነው፣ ለየኮንሰርቱ «ይሸጥ» ወይም «አይሸጥ» የሚለው እሱ ነው። ቶኪዮ ያለው የቡዶካን አዳራሽ ወደ 14,000 ሰው ይይዛል። 2 በመቶ ለውጭ አድናቂ ቢለይ 280 ወንበር ነው። ስም በፓስፖርት፣ በር ላይ ፓስፖርት ማሳየት፣ አለቀ። ፓስፖርት ከሲም የጠነከረ መታወቂያ ነው።

የሺቡያ ልጅ፦ 280ው ከማን ይቀነስ? ክለቡ ውስጥ በየዓመቱ መዋጮ የሚከፍለው፣ ዕጣ ሞልቶ የማይደርሰው ብዙ ነው። እሱ አራት ዙር ዕጣ ጠብቆ ባዶ እጁን ሲቀር፣ የውጭ ገጹ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለ ዕጣ ለቀደመ ነው የሚሸጠው። ፍትሕ ካልን ለሁለቱም ወገን ይሁን።

ሐና ቤዝ፦ እሺ፣ በዕጣ ይሁን። ዕጣ ውስጥ አስገቡን ነው የምንለው። አሁን እኮ ዕጣው ውስጥም የለንም።

ካታካና፦ ሐና፣ በር ላይ ፓስፖርት ማሳየት እንዳልሽው ቀላል አይደለም፣ በተለይ ለሐበሻ። የጃፓን ፎርም ስምን ሁለት ቦታ ይከፍላል፣ የቤተሰብ ስምና የራስ ስም፣ ከዚያ ሁለቱንም በሙሉ ስፋት ካታካና፣ የውጭ ቃል በሚጻፍበት የጃፓን ፊደል፣ እንደገና ይጠይቃል። በእንግሊዝኛ ኪቦርድ የተጻፈ ጠባብ ፊደል ወይም በመሃል የገባ ክፍት ቦታ ካለ «ስህተት» ብሎ ይመልሳል፣ የቱ ጋ እንደሆነ ሳይናገር። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ከራስ ስም ቀጥሎ የሚጻፈው የአባትና የአያት ስም ነው። የአባት ስም ብቻ የሞላ ሰው ትኬቱና ፓስፖርቱ ላይገጥሙለት ይችላሉ። ፓስፖርቱ ላይ በተጻፈበት ቅደም ተከተል ይሞላ፣ አያትም ካለ ይግባ፣ ፎርሙ ከቆረጠው የተቆረጠበትን ገጽ ፎቶ አንስቶ መያዝ ነው። ስልክ መሙያውም 10 ወይም 11 አሃዝ ካልሆነ የማይቀበል አለ፤ በ251 የሚጀምር ቁጥር እዚያ ቦታ የለውም። ፖስታ ኮዱ 7 አሃዝ ነው። የሆቴል አድራሻ እየሞሉ የሚያልፉ አሉ፣ ግን ክለቡ አንድ ደብዳቤ ልኮ ሲመለስበት አባልነቱን የመሰረዝ መብት ውሉ ላይ አለው።

ጋሽ ቪኒል፦ ታዲያ ሰው ተስፋ ቆርጦ ወደ አየር በአየሩ ገበያ ቢሄድ ማን ይፈርድበታል? ማጣሪያው ራሱ ደንበኛ እየነዳ ያቀርብለታል።

ሎፒ፦ ጋሽ፣ ፍርዱን ልተወውና ምን እንደሚበላሽ ልናገር። እንዲያው ለራሱ ለሚገባ ገዢ ሕጉ ቅጣት የለውም፤ ግን አዘጋጁ በር ላይ የመመለስ መብት አለው፣ ገንዘቡንም የሚመልስ የለም። መታወቂያ የሚታየው ሁሌም አይደለም፣ ሰው የሚታለለውም በዚህ ነው። በሁለት ኮንሰርት ያልተጠየቀ በሦስተኛው ይጠየቃል። የአፕ ትኬት ከሆነ ሻጩ የታሰረበትን ቀፎ ካላከራየህ በቀር ሊያስተላልፍልህ አይችልም፤ «ስክሪንሾት እልክልሃለሁ» ያለ ሻጭ ሌባ ነው። ላይቭ ሃውስ ላይ ደግሞ ትኬቱ የመግቢያ ተራ ቁጥር አለው። ቁጥር በቁጥር እየተጠራ ነው የሚገባው፣ ምድቡ ፊደል ካለው «ኤ» አልቆ ነው «ቢ» የሚጠራው። 700ኛን «ከፊት ነው» ብለው በውድ የሚሸጡ አሉ።

ሕጋዊው መንገድ የአዘጋጁ የራሱ መመለሻ ነው። መሄድ ያልቻለ ሰው ትኬቱን በወጣበት ዋጋ ይመልሳል፣ ኮሚሽን ይጨመርበታል፣ ለፈለገ ይሸጣል ወይም በዕጣ ይወጣል። ግን እሱም አፕ ነው።

ሐና ቤዝ፦ እሱም ስልክ ቁጥር ይጠይቃል በለው እንጂ።

ሎፒ፦ ይጠይቃል። የሚያዋጣው አብሮ ገቢ ሆኖ መግባት ነው። ጃፓን የሚኖር ሰው ሁለት ትኬት በስሙ ያመለክታል፣ የእንግዳውን ስም አብሮ ገቢ ብሎ ያስመዘግባል፣ በር ላይ ሁለቱ አንድ ላይ ቆመው በአንድ ቀፎ ይገባሉ። ከማመልከታችሁ በፊት ግን አንድ መስመር አንብቡ፦ ትኬቱ ለእያንዳንዱ ሰው በየራሱ ቀፎ መውረድ አለበት የሚል ካለ፣ አብሮ ገቢውም ቁጥር ያስፈልገዋልና መንገዱ እዚያው ይዘጋል። ስሙን በኋላ መቀየርም ብዙ ጊዜ አይቻልም። ዕጣው ከደረሰ የክፍያ ቀነ ገደቡ ጥቂት ቀን ነው፤ የውጭ ካርድ የባንኩን ማረጋገጫ ኮድ ካላለፈ ወዲያው ወደ ሱቅ ክፍያ መቀየር የሚችል ሰው እዚያ ይኑር። ካለፈ ዕጣው ይሰረዛል፣ ይግባኝ የለም። ላይቭ ሃውስ ከሆነ ለመጠጥ 600 የን ገደማ በር ላይ በጥሬው ይዘጋጅ፣ ትኬቱ ውስጥ አልተካተተም።

የሺቡያ ልጅ፦ ቤት ሆኖ ማየትም አለ እኮ። ጁን 2020 ላይ ሳውዘርን ኦል ስታርስ ባዶ ዮኮሃማ አሬና ውስጥ ተጫውተው በ3,600 የን ወደ 180,000 ትኬት ሸጠዋል። ወንበር የማይወስድ ትኬት ማንንም አያጣላም።

ሐና ቤዝ፦ እሱን ነው የምልህ። ወንበር የማያልቅበት ስርጭት እንኳን «ከጃፓን ውጭ አይታይም» የሚል መስመር ከታች እየተጻፈበት ይሸጣል። እዚያ ላይ የአየር በአየር ነጋዴ የለም፣ የተነጠቀ የክለብ አባል የለም። ስለ ማጣሪያ ያልከው በሙሉ እዚህ አይሠራም። ለምን ይዘጋል?

የሺቡያ ልጅ፦ የመብት ውል ነው። ዘፈኑን፣ ቀረጻውን፣ በስተጀርባ የሚታየውን ቪዲዮ የያዙት የተለያዩ ድርጅቶች ናቸው፤ ለውጭ ስርጭት እያንዳንዱ መስማማት አለበት። ስርጭቱን ለመክፈት ጊዜና ጠበቃ ያስፈልጋል፣ ለመዝጋት አንድ መስመር ይበቃል። በዚህኛው አልከራከርሽም፣ ስንፍና ነው። በስልኩ ላይ ግን ከቦታዬ አልተነቃነቅሁም።