«ፕሌዠረብል» ለሰው ይነገራል?

ጥያቄ፦
በቅርቡ ጡረታ ለሚወጡት አለቃችን የስንብት ደብዳቤ በእንግሊዝኛ እያዘጋጀሁ ነው። «ከእርስዎ ጋር መሥራት ደስ ይል ነበር» እና «ደስ የሚሉ ሰው ነዎት» የሚሉትን ሁለት ሐሳቦች ማስገባት እፈልጋለሁ። የያዝኩት መዝገበ ቃላት «ፕሌዠረብል» ለሚለው ቅጽል «አስደሳች» የሚል ፍቺ ብቻ ስለሚሰጥ፣ በሁለቱም ቦታ ልጠቀምበት እችላለሁን? ከ«ፕሌዛንት»ስ በምን ይለያል?

መልስ፦
በሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ፈጽሞ አያስገቡት። «ፕሌዠረብል» የሚገልጸው ሰውን ሳይሆን ደስታ የሚሰጥን ድርጊት ወይም ስሜት ነው፤ «ኤክስፒሪየንስ» (ገጠመኝ) እና «ሴንሴሽን» (የሰውነት ስሜት) ከመሳሰሉ ስሞች በፊት በብዛት ይገኛል። ብዙ ጊዜ ስለ ሥጋዊ ስሜት ስለሚነገርም፣ ለሰው ሲሰጥ ጸሐፊውን የሚያሳፍር ትርጉም ሊይዝ ይችላል፤ ለጡረተኛ አለቃ ደግሞ ይህ የሚመኙት አይመስለኝም። «ፕሌዛንት» ግን ለሰው ጠባይም፣ ለአየሩም፣ ለመዓዛም ያገለግላል። ግራ የሚያጋባን የአማርኛው «ደስ የሚል» ልጁንም፣ ምሳውንም፣ ጨዋታውንም ያለ ልዩነት ማቀፉ ነው።

ሌላ መልስ፦
ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ ብስማማም፣ «ፕሌዛንት» ለዚህ ደብዳቤ ቀዝቀዝ ያለ ምስጋና እንደሚሆን መጨመር እፈልጋለሁ፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ብዙ የሚሉለት ለሌላቸው ሰውም ይሰጡታልና። ቅጽሉን ትተው ስሙን ቢወስዱና «ዩ ሃቭ ቢን ኤ ፕሌዠር ቱ ወርክ ዊዝ» (ከእርስዎ ጋር መሥራት ደስታ ነበር) ብለው ቢጽፉ፣ ሁለቱ ሐሳቦች በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጠቃለላሉ፤ አነጋገሩም በእንዲህ ዓይነት ደብዳቤ የተለመደ ነው።

ጠያቂው፦
እጅግ አመሰግናለሁ። የራሴን ደስታ ለመግለጽስ «ፕሊዝድ» ማለት ይቻላል?

መልስ፦
ይቻላል፤ «ፕሊዝድ» የሚባለው ደስታው የተሰማው ሰው ነውና። ከግስ በፊት ሲገባ «ፕሊዝድ ቱ» ይባላል፤ ስለ አንድ ነገር ወይም ውጤት ሲነገር ግን «ፕሊዝድ ዊዝ» ይሆናል። ይሁን እንጂ «ፕሊዝድ ዊዝ ዩር ወርክ» (በሥራዎ ተደስቻለሁ) የሚለው ሥራን የሚመዝን ሰው አነጋገር ስለሆነ፣ ከበታች ሠራተኛ ወደ አለቃ ሲጻፍ ድፍረት ይመስላል። በዚያ ቦታ «ግሬትፉል» ብለው ምስጋናዎን ቢገልጹ ይሻላል።